ያ ሃይድሮጅን የማን ነው? የዱቄቱ ወይስ የውሃው?

ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። ውሃ ውስጥ ገብቶ ትንሽ የኮባልት ወይም የሩቴኒየም ብናኝ ሲያገኝ ይንተከተካል። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የማስጠናቸው ልጆች ይህን ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ቲቸር፣ ሃይድሮጅኑ ከየት ነው የመጣው? ከዱቄቱ ነው ከውሃው?» ይላሉ።

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃም ሃይድሮጅን አለው፣ ዱቄቱም አለው። ጋዙ ከወጣ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንዱን የሃይድሮጅን አቶም ከሌላው በዓይንም በማሽተትም መለየት አይቻልም። ኬሚስቶች ግን መለያ ዘዴ አላቸው። ዛሬ ስለዚያ ዘዴ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዱቄቱን እንወቀው። አንድ ሞለኪውሉ ውስጥ አንድ ሶዲየም፣ አንድ ቦሮንና አራት ሃይድሮጅን አለ። ከክብደቱ ወደ 10.6 በመቶ የሚሆነው ሃይድሮጅን ነው። ከውሃ ጋር ሪአክሽኑን ሲጨርስ ግን አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ይሰጣል። አራት ሞለኪውል ማለት ስምንት አቶም ነው። ዱቄቱ ያዋጣው አራት ብቻ ስለሆነ የቀሩት አራቱ የግድ ከውሃው መምጣት አለባቸው። ስለዚህ ሒሳቡ እኩል በእኩል ነው፤ ግማሹ ከዱቄቱ፣ ግማሹ ከውሃው።

የልጆቹን ጥያቄ በዚህ መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ሒሳቡ የሚነግረን ድምሩን ብቻ ነው። እያንዳንዱ የጋዝ ሞለኪውል እንዴት እንደተሠራ አይነግረንም። አንዱ አቶም ከዱቄት፣ አንዱ ከውሃ ሆነው ተጣመሩ? ወይስ ሁለት የዱቄት አቶሞች እርስ በርስ፣ ሁለት የውሃ አቶሞችም እርስ በርስ ተጣመሩ? ድምሩ በሁለቱም መንገድ ያው ነው፣ መንገዱ ግን የተለያየ ነው። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዱቄቱ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኸርማን ሽሌሲንገር እና ኸርበርት ብራውን በቀላሉ ወደ ጋዝ የሚለወጥ የዩራኒየም ውህድ ሲፈልጉ ነበር ወደ ቦሮሃይድራይድ የደረሱት። የአሜሪካ ጦር ደግሞ በየሜዳው ሃይድሮጅን የሚያመነጭ ነገር ይፈልግ ነበር። ሥራው ለሕዝብ የታተመው በ1953 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ብራውን በቦሮን ኬሚስትሪ ሥራው በ1979 የኖቤል ሽልማትን ከጆርጅ ቪቲግ ጋር ተካፍሏል።

መብራት በጠፋ ቁጥር የጀነሬተር ድምፅ ለሚሰማ ሰው «ይሄ ነገር ለምን ነዳጅ አይሆንም?» ማለቱ ያለ ነው። ተሞክሯል። ክራይስለር በ2001 በዚህ ዱቄት የሚሠራ ናትሪየም የሚባል የሙከራ መኪና አሳይቶ ነበር። በ2007 ግን የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለመኪና ነዳጅ ማጠራቀሚያነት እንዳይቀጥል ወሰነ። ዋናው ችግር ከሪአክሽኑ በኋላ የሚቀረው ቦሬት የሚባል የቦሮንና የኦክስጅን ውህድ ነው። እሱን መልሶ ቦሮሃይድራይድ ማድረግ ብዙ ጉልበትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። እኔም ለኮንዶሚኒየም ጀነሬተር አልመክረውም። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲቀላቀል ድርሻው ከ4 እስከ 75 በመቶ ከሆነ በእሳት ብልጭታ ይነዳል። ዱቄቱም መርዛማ ነው፣ ቆዳም ያቃጥላል። የላቦራቶሪ ዕቃ ነው፣ እዚያው ይቆይ።

እንግዲህ ወደ ሜታሉ፣ ማለትም መጀመሪያ ወዳነሳነው የኮባልት ወይም የሩቴኒየም ብናኝ። ቦሮሃይድራይድ በተራ ውሃ ውስጥ ብቻውን ቀስ እያለ ነው የሚፈርሰው። ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮበት ውሃው በጣም ቤዝ ከሆነ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ይቀመጣል። አሲድ ቢገባበት በአንድ ጊዜ ይፈነዳዳል። የሜታል ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ነገር) ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በኮስቲክ ሶዳ የተረጋጋውን ውሁድ በፈለግነው ሰዓት ያነቃዋል። ካታሊስቱን ስናወጣው ጋዙ ይቆማል፣ ስንመልሰው ይቀጥላል። ሩቴኒየምና ሮዲየም በጣም ፈጣን ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ኮባልት ርካሽ ነው። የኮባልት ክሎራይድ ጨው ቢጨመር ቦሮሃይድራይዱ ራሱ ወደ ጥቁር ብናኝ ይለውጠዋል፣ ያ ጥቁር ብናኝም ካታሊስት ሆኖ ይሠራል።

ሜታሉ ገጽ ላይ ምን ይካሄዳል? ቦሮን ላይ ያለው ሃይድሮጅን ወደ ኔጌቲቭ ያደላል። ውሃ ላይ ያለው ወደ ፖዚቲቭ ያደላል። ሁለቱ በቀጥታ ቢገናኙ ወዲያው ይጣመራሉ፤ ይህ አንደኛው መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሜታሉን መሀል ያስገባል። የቦሮኑ ሃይድሮጅን ተላቆ ሜታሉ ላይ ይለጠፋል። የውሃውም ሃይድሮጅን እንዲሁ ተላቆ ይለጠፋል። ሜታል ላይ ከተለጠፉ በኋላ ከየት እንደመጡ የሚያስታውስ የለም። ጎን ለጎን የተገኙት ሁለቱ ተጣምረው ይሄዳሉ።

የትኛው መንገድ እንደሆነ ለማወቅ አንደኛውን ወገን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ምልክቱ ዲዩቴሪየም ነው፤ ከባድ ሃይድሮጅን እንበለው። ተራው ሃይድሮጅን በአስኳሉ ውስጥ አንድ ፕሮቶን ብቻ አለው። ከባዱ ፕሮቶኑ ላይ አንድ ኒውትሮን ተደርቦለታል። ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፣ ኬሚካዊ ባሕርዩ ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ሃሮልድ ዩሬይ በ1931 አገኘው፣ በ1934 ኖቤል ተሸለመበት።

ከባድ ሃይድሮጅን ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አይደለም። ከ6,400 የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ገደማ እሱ ነው። ኮዬ ፈጬ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ የምትሸከሙት 20 ሊትር ጄሪካን ውስጥ ወደ 0.7 ግራም ከባድ ሃይድሮጅን አለ። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ በዚህ ጉዳይ በዓለም የታወቀ ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዝናባችንን አይሶቶፕ (እንደ ቀላሉና ከባዱ ሃይድሮጅን በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶችን) ሲመዘግብ ቆይቷል። ከተማችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ዝናቧ በከባድ ሃይድሮጅን ድሃ መሆን ነበረበት። አይደለም፤ ከሚጠበቀው በላይ ሀብታም ነው። የውሃ ተመራማሪዎችም ይህን ምልክት እየተከተሉ የከርሰ ምድር ውሃ ከየትኛው ዝናብ እንደመጣ ያጠናሉ። ይህን ያነሳሁት ዘዴው አንድ ስለሆነ ነው። እዚያ ውሃውን ከዝናቡ ጋር ያዛምዱበታል፣ እኛ እዚህ ጋዙን ከምንጩ ጋር እናዛምድበታለን።

ለሙከራው ግን 0.7 ግራም አይበቃም። በሙሉ ከባድ የሆነ ውሃ ይገዛል። ይህ ውሃ ከተራው 11 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ የሚረጋውም በዜሮ ሳይሆን በ3.8 ዲግሪ ነው። ተራው ቦሮሃይድራይድ በዚህ ከባድ ውሃ ውስጥ ይገባል። አሁን ምልክቱ ተደርጓል። ከዱቄቱ የሚመጣው ሁሉ ቀላል፣ ከውሃው የሚመጣው ሁሉ ከባድ ነው። የሚወጣውን ጋዝ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ይመዝነዋል። ሁለቱም ቀላል ከሆኑ ክብደቱ 2፣ አንድ ቀላልና አንድ ከባድ ከሆኑ 3፣ ሁለቱም ከባድ ከሆኑ 4 ነው።

ጋዙ በሙሉ 3 ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ነው። እያንዳንዱ የዱቄት አቶም አንድ የውሃ አቶም አግኝቶ በቀጥታ ተጣምሯል። ሜታል ሳይኖር የሚካሄደው ሪአክሽን በዋናነት ወደዚህ ያደላል። አቶሞቹ ሜታሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ከተደባለቁ ግን ዕድል ብቻ ነው የሚወስነው። እኩል ቁጥር ያላቸው ቀላልና ከባድ አቶሞች በዘፈቀደ ቢጣመሩ 25 በመቶው 2፣ 50 በመቶው 3፣ 25 በመቶው 4 ይሆናል። ሜታል ባለበት ሙከራ ሦስቱም ዓይነት ጋዝ ይገኛል፤ መጠናቸው እንደ ሜታሉና እንደ ሁኔታው ይለያያል። 4 ክብደት ያለው ጋዝ መታየቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሁለት የውሃ አቶሞች እርስ በርስ ተጣምረዋል ማለት ነው፤ ይህ በቀጥታ ግንኙነት አይሆንም። ሜታሉ ሁለቱንም ይዞ ማገናኘት ነበረበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ድብልቅ ስላየን ብቻ ድብልቁ የተፈጠረው በዋናው ሪአክሽን ወቅት ነው ማለት አንችልም። ፕላቲነምን የመሰሉ ሜታሎች አንድ ጊዜ የወጣን ሃይድሮጅን መልሰው ይይዙታል፣ ከውሃው ጋርም አቶም ያለዋውጡታል። በንጽህና 3 ሆኖ የተወለደ ጋዝ ከዚያ በኋላ ሊበጠበጥ ይችላል። ይህን ለማጣራት ቦሮሃይድራይዱን ትቶ ተራ ሃይድሮጅን ጋዝ ብቻ በከባድ ውሃና በካታሊስቱ ውስጥ ማሳለፍ ነው። 3 እና 4 መታየት ከጀመሩ መበጥበጡ ከኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌላም ማጣሪያ አለ። ያልተነካው ቦሮሃይድራይድ ራሱ ውስጥ ከባድ ሃይድሮጅን ገብቶ እንደሆነ ኤንኤምአር በሚባለው፣ አቶሞች በማግኔት ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት በሚያነብ መሣሪያ ይታያል። ተራው ቦሮሃይድራይድ አራት እኩል ሃይድሮጅኖች ስላሉት በቦሮን ኤንኤምአር ላይ አምስት መስመር ይሰጣል። አንዱ በከባድ ከተተካ የመስመሮቹ መልክ ይለወጣል። ከተለወጠ ቦሮንና ሃይድሮጅን ሜታሉ ላይ ሲላቀቁና መልሰው ሲጋጠሙ ነበር ማለት ነው። በእኔ አመለካከት እነዚህ ማጣሪያዎች ያልተሠሩበት ጥናት ስለ መንገዱ ደፍሮ መናገር የለበትም።

እስካሁን የጠየቅነው «አቶሙ የማን ነው?» ብለን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ነው። ከብዙዎቹ እርምጃዎች የትኛው ነው ቀርፋፋው? አንድ ሪአክሽን የሚፈጥነው በቀርፋፋው እርምጃው ልክ ነው። ቀርፋፋው የውሃው ትስስር መላቀቅ ከሆነ ካታሊስት የሚሠራ ሰው ውሃን የሚያላቅቅ ገጽ መፈለግ አለበት። ቀርፋፋው የቦሮኑ ከሆነ ሌላ ሥራ ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የጋዙ ዓይነት ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ማምታታት በዚህ ርዕስ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ከባድ ሃይድሮጅን ለምን ፍጥነት ይለውጣል? ትስስር ዝም ብሎ አይቆምም። ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ ይርገበገባል፣ ለዚያም የማይጠፋ ጉልበት አለው። ቀላሉ አቶም ፈጥኖ ስለሚርገበገብ ይህ ጉልበቱ ይበልጣል። የከባዱ ያንሳል። አቃቂ አካባቢ ያለ የድንጋይ ካባ አስቡ። ሁለት ሰዎች ጉድጓዱ ውስጥ አሉ። አንዱ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆሟል፣ ሌላው ወለሉ ላይ ነው። የሚወጡበት ጠርዝ አንድ ነው። ድንጋዩ ላይ ላለው መውጫው ያጥርለታል። ቀላሉ ሃይድሮጅን ድንጋዩ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ የቀላሉ ትስስር ቶሎ ይላቀቃል።

በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ትስስር ላይ የድንጋዩ ከፍታ ለአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶምና ሞለኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) ወደ 5 ኪሎጁል ነው። ትስስሩ በቀርፋፋው እርምጃ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚላቀቅ ቢሆን በክፍል ሙቀት የፍጥነቱ ልዩነት ከ7 እስከ 9 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በቦሮንና በሃይድሮጅን ትስስር ላይ ወደ 3.5 ኪሎጁል ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። እነዚህ በቀላል ሒሳብ የሚገኙ የላይኛው ገደቦች ናቸው። በተግባር አዲሱ ትስስር አሮጌው ሳይላቀቅ መሠራት ስለሚጀምር ቁጥሩ ያንሳል። በብዙ የሜታል ናኖ ብናኝ ጥናቶች ላይ ሪአክሽኑ በከባድ ውሃ ውስጥ ከ2 እጥፍ በላይ ይዘገያል። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው የውሃው ትስስር መላቀቅ በቀርፋፋው እርምጃ ውስጥ አለበት ይላሉ።

መደምደሚያው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን 2 የሚለው ቁጥር በሌላ ነገርም ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ሙቀት ነው። ይህ ሪአክሽን በጣም ያሞቃል፤ ለአንድ ሞል 210 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። አንድ ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በፍጥነት ቢያልቅ ውሃውን ወደ 13 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። በብዙ ካታሊስቶች ላይ 10 ዲግሪ ብቻ ፍጥነቱን ወደ እጥፍ ያሳድገዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በተራው ውሃ ውስጥ ፈጥኖ የሄደው ሪአክሽን ራሱን አሞቀ፣ ስላሞቀ ደግሞ ይበልጥ ፈጠነ። በከባዱ ውሃ ያለው ቀስ ብሎ ስለሄደ ቀዝቅዞ ቆየ። ልዩነቱ የአይሶቶፑ ይመስላል፤ ከፊሉ ግን የሙቀት ነው። መፍትሔው ትንሽ ዱቄት፣ ብዙ ውሃ፣ ሙቀቱን የሚጠብቅ የውሃ ገንዳ፣ እና የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ፍጥነት ብቻ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ውሃ ወፈር ማለቱ ነው። በ25 ዲግሪ ከተራው ውሃ ከ20 በመቶ በላይ ይወፍራል። ካታሊስቱ በጣም ፈጣን ከሆነ ቀርፋፋው ነገር ኬሚስትሪው መሆኑ ይቀርና ቦሮሃይድራይዱ ገጹ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይሆናል። ያኔ 1.2 ገደማ የሆነ ልዩነት ስለ ትስስር ምንም አይናገርም። ማማሰያውን ማፍጠንና ፍጥነቱ ይለወጥ እንደሆነ ማየት ቀላል ማጣሪያ ነው።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ጋዙን የሚለካው በመጠኑ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 77 በመቶ ነው። አንድ ግራም ቦሮሃይድራይድ በባሕር ጠለል በ20 ዲግሪ 2.5 ሊትር ገደማ ጋዝ ቢሰጥ፣ እዚህ 3.3 ሊትር ገደማ ይሰጣል። አቶሞቹ አልበዙም፣ ሰፋ ብለው ተቀመጡ እንጂ። ሁለቱን ውሃዎች እዚሁ ስታወዳድሩ ይህ ለውጥ አያመጣም። ከሌላ አገር ጥናት ጋር ስታወዳድሩ ግን ወደ ሞል ካልለወጣችሁ ካታሊስታችሁ ከእውነቱ በላይ ጎበዝ ይመስላችኋል።

ከሁሉም ዘዴዎች ደስ የሚለኝ የመጨረሻው ነው። ተራውንና ከባዱን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ለየብቻ መሞከርን ትቶ በአንድ ብርጭቆ ማወዳደር ነው። ተራና ከባድ ውሃ እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ፣ ቦሮሃይድራይዱም እዚያ ውስጥ ይገባል። ቀላሉና ከባዱ አቶም በአንድ ሙቀት፣ በአንድ ውፍረት፣ በአንድ ካታሊስት ገጽ ላይ ይሽቀዳደማሉ። ጋዙ ውስጥ ከውሃ የመጣው ድርሻ ወደ ቀላሉ ካደላ፣ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው ወይም ውፍረቱ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ ግን የሚለካው ምርጫን ነው፤ የአጠቃላዩን ሪአክሽን ፍጥነት አይለካም። ለምሳሌ ቀርፋፋው እርምጃ የቦሮኑ ትስስር መላቀቅ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ የውሃው ትስስር በፍጥነት ይላቀቃል። በዚህ ፈጣን እርምጃም ላይ ቢሆን ሜታሉ ቀላሉን ያስቀድማል። በአንድ ብርጭቆ ትልቅ ልዩነት ይታያል፣ በሁለት ብርጭቆ ግን ፍጥነቱ እምብዛም አይለወጥም። የውሃው ትስስር ራሱ ቀርፋፋው ከሆነ ልዩነቱ በሁለቱም ይታያል። ስለዚህ ሁለቱም ሙከራዎች ያስፈልጋሉ። በሦስተኛ ደረጃ ዱቄቱን ራሱን በከባድ ሃይድሮጅን የተሠራ አድርጎ በተራ ውሃ ውስጥ መሞከር ነው፤ እንዲህ ያለው ቦሮሃይድራይድ ይሸጣል። እሱ ከተራው ዱቄት በግልጽ ከዘገየ የቦሮኑ ትስስር በቀርፋፋው እርምጃ ውስጥ አለበት። ከውሃውም ከዱቄቱም ሙከራ መዘግየት ከታየ ደግሞ ሁለቱ ትስስሮች በአንድ እርምጃ ላይ አብረው እየተላቀቁ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ፍጥነታቸው የተቀራረበ ሁለት እርምጃዎች ናቸው።